ከርነሉ ታደሰ፣ ቴፑ እምቢ አለ፦ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚፈተንበት ሰዓት

እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2011 ማብቂያ ላይ አንዳንድ የጂሜል ተጠቃሚዎች የኢሜይል ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ባዶውን አገኙት። የዓመታት ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የሥራ ሰነድ እንደ ማለዳ ጤዛ ተኖ ነበር። ጉግል እንዳስታወቀው አደጋው የደረሰባቸው ከጠቅላላው ተጠቃሚ 0.02 ከመቶ ያህሉ ናቸው፤ መንስኤውም የማከማቻ ሶፍትዌሩን ለማሻሻል የተለቀቀ አዲስ ስሪት ይዞት የመጣ እንከን ነበር። ኩባንያው የደብዳቤዎቹን ቅጂዎች በተለያዩ የመረጃ ማዕከላት ያስቀምጥ ነበር፤ እንከኑ ግን ቅጂዎቹንም አልማራቸውም። በመጨረሻ ደብዳቤዎቹን ለባለቤቶቻቸው የመለሰው፣ ለብዙ ሰው ከካሴት ዘመን ጋር አብሮ ያለፈ የሚመስለው መግነጢሳዊ ቴፕ ነው። ቴፑ ከመስመር ውጪ ተቀምጦ ስለነበር የሶፍትዌሩ ስህተት ሊደርስበት አልቻለም።

ይህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። የሶፍትዌር ማሻሻያ ያጠፋውን ቴፕ ከመለሰው፣ ማሻሻያው ወደ ቴፑ የሚወስደውን መንገድ ራሱን ሲዘጋስ ምን ይደረጋል? ነገሩ በእርግጥ የደረሰ ነው። በ2023 ማብቂያ ከወጣው 6.6 ከተሰኘው የሊኑክስ ከርነል ስሪት ጀምሮ፣ ኮምፒውተራቸውን ያሳደጉ አንዳንድ የቴፕ ተጠቃሚዎች ትናንት በደህና ይሠራ የነበረው መሣሪያ ዛሬ ማንበብም መጻፍም እምቢ ሲላቸው አይተዋል። የዚያ እምቢታ ምክንያት ሲመረመር የሚገኘው ትምህርት ቴፕ ዓይቶ ለማያውቅ ሰው ጭምር የሚጠቅም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴፕ ዛሬም በሥራ ላይ ነው

ቴፕ ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀው ገና በጠዋቱ ነው። በ1951 ሥራ የጀመረው ዩኒቫክ የተሰኘው የአሜሪካ ኮምፒውተር ኒኬል በተለበጠ የነሐስ ጥብጣብ ላይ መረጃ ይጽፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አይቢኤም 726 የተባለውን የራሱን መሣሪያ በፕላስቲክ ጥብጣብ ይዞ ብቅ አለ። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ኤልቲኦ የተሰኘው የቴፕ ዓይነት ሲሆን፣ በ2000 ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ትውልድ 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። በ2021 የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ ደግሞ መረጃው ሳይጨመቅ 18 ቴራባይት ይይዛል። በመዳፍ በምትያዘው ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለው ጥብጣብ ቢዘረጋ 1,035 ሜትር ይሆናል። በጄኔቭ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን፣ ከግዙፉ የቅንጣት ማላተሚያው የሚሰበስበውን መረጃ ለረጅም ጊዜ የሚያኖረው በቴፕ ነው።

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ መረጃ ለብዙ ዓመት ለማስቀመጥ ቴፕ ከዲስክ ይረክሳል፤ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥም ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመሣሪያው የወጣ ቴፕ ከማንኛውም ኔትወርክ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ አይደርስበትም።

የቴፕን ጠባይ ለመረዳት ካሴት የምናዳምጥበትን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። የምንወደው ዘፈን ካሴቱ መሃል ላይ ከሆነ እዚያ ለመድረስ ማጠንጠን ግድ ነበር፤ የባትሪ ድንጋይ ለመቆጠብ ሲባል ቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ማሽከርከርም የተለመደ ነው። ካሴቱ የት ላይ እንደቆመ ሳያረጋግጥ የመቅጃውን ቁልፍ የተጫነ ሰው ግን የሰርጉን ዘፈን በሬዲዮ ወሬ ሸፍኖት ቁጭ ይላል።

የኮምፒውተር ቴፕም እንዲሁ ነው፤ ጉዳቱ ግን ይብሳል። በጥብጣቡ መካከል አንድ ነገር ከተጻፈ መሣሪያው ከዚያው ቀጥሎ «መረጃው እዚህ አበቃ» የሚል ምልክት ያኖራል። ከምልክቱ ወዲያ ያለው ሁሉ በአካል ጥብጣቡ ላይ ቢኖርም በተለመደው መንገድ አይነበብም። በጥብጣቡ መጀመሪያ ላይ በስህተት የተጻፈ ጥቂት መረጃ የብዙ ወራት መዝገብ ከእይታ ሊሰውር ይችላል ማለት ነው። በቴፕ ዓለም «አሁን የት ነን?» የሚለው ጥያቄ የሞት የሽረት ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አስተርጓሚውና ማሳሰቢያው

ከርነል የሥርዓተ ክወና እምብርት ነው። ፕሮግራሞች ማቀነባበሪያውን፣ ማህደረ ትውስታውንና ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዙትን መሣሪያዎች የሚጠቀሙት በእርሱ ፈቃድ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ላይ በተማሪነቱ የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ ከስልክ እስከ ሱፐር ኮምፒውተር የሚሠራ ከርነል ሆኗል። ከርነሉ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር በሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም በኩል ነው። የቴፕ አስተርጓሚው ኤስቲ ይባላል፤ ካይ ማኪሳራ የተባለ ፊንላንዳዊ ባለሙያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሲንከባከበው ኖሯል።

የቴፕ መሣሪያዎች ስካዚ በተሰኘ የመነጋገሪያ ደንብ ይሠራሉ። በደንቡ መሠረት ኃይል ተቋርጦበት የተነሳ ወይም ዳግም እንዲነሳ የተደረገ መሣሪያ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ልብ በሉ፣ እንደ አዲስ ተነስቻለሁ» የሚል ማሳሰቢያ ለኮምፒውተሩ ይመልሳል። ቀድሞ የተነገረው ቅንብር ላይኖር ይችላል ማለቱ ነው። ማሳሰቢያው ለቴፕ ሲሆን ሌላም ትርጉም አለው፤ ብዙ የቴፕ መሣሪያዎች ዳግም ሲነሱ ጥብጣቡን ወደ መጀመሪያው ያጠነጥኑታልና።

ይህ የሚያስከትለውን አደጋ በምሳሌ እንመልከት። ሁለት ሰርቨሮች አንድ የቴፕ መሣሪያ ይጋራሉ እንበል። አንደኛው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የዕለቱን መረጃ በጥብጣቡ መካከል እየጻፈ ሳለ፣ ሁለተኛው በራሱ ምክንያት መሣሪያውን ዳግም ያስነሳዋል። ጥብጣቡ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ሰርቨር ይህን ካላወቀ፣ ካቆመበት የቀጠለ መስሎት በአሮጌው መዝገብ ላይ ይጽፍበታል። ጠዋት ላይ ሪፖርቱ «ሥራው በሚገባ ተጠናቋል» ይላል፤ የወራቱ መረጃ ግን ጠፍቷል።

በጥቅምት 2023 የወጣው 6.6 ስሪት ይህን መሰሉን አደጋ ለመከላከል አዲስ ጥበቃ ጨመረ። ድራይቨሩ የዳግም መነሳት ማሳሰቢያ ሲሰማ «የት እንዳለሁ አላውቅም» ብሎ ይመዘግባል። ጥብጣቡ ወደ መጀመሪያው ተጠንጥኖ ቦታው እስኪታወቅ ድረስም ማንበብን፣ መጻፍንና አንዳንድ ሌሎች ትዕዛዞችን ይከለክላል።

ሐሳቡ ቅን ነው። ችግሩ የታየው ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ነው። መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ከከርነሉ ጋር ሲተዋወቅ የሚሰጠው ማሳሰቢያ የተለመደና የሚጠበቅ ነው፤ ኮምፒውተሩ እስከዚያ ድረስ የጻፈው ነገር ስለሌለ የሚስተው ቦታም የለም። አዲሱ ጥበቃ ግን ይህንንም እንደ አደጋ ቆጠረው። በዚህ የተነሳ ኮምፒውተሩ እንደተነሳ የመሣሪያውን ቅንብር ለማስተካከል የሚላኩት ትዕዛዞች ሳይቀሩ «የግብዓትና የውጤት ስህተት» የሚል መልስ ይዘው ይመለሱ ጀመር። በቀድሞው ከርነል ያለ እንከን ይፈጸሙ የነበሩ ማንበብና መጻፍም ታገዱ።

ማኪሳራ በ2024 መገባደጃ ያቀረበው ማስተካከያ አጭር ነው። መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታወቅ የሚሰማውን ማሳሰቢያ ድራይቨሩ በዝምታ እንዲያልፈው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን በጥንቃቄ እንዲይዘው አደረገ። በዚህም ከ6.6 በፊት የነበረው አሠራር ተመለሰ። ማስተካከያው እስኪደርስ ድረስ የነበረው መላም ቀላል ነው፦ ቅንብሩ ከመላኩ በፊት ጥብጣብ ከትቶ አንድ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ማጠንጠን።

መላው ቀላል ቢሆንም ወደ እርሱ መድረስ ቀላል አይደለም። የግብዓትና የውጤት ስህተት የሚለው መልዕክት ገመድ ሲላላም፣ የመሣሪያው ማንበቢያ ራስ ሲያረጅም፣ ጥብጣብ ሲጎዳም የሚመጣ ያው መልዕክት ነው። መልዕክቱን ብቻ ያየ ሰው በብዙ ሺህ ዶላር አዲስ መሣሪያ ሊያዝዝ፣ ወይም ከዚያ በከፋ መልኩ በሙከራ ብዛት ጥብጣቡን ሊጎዳ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ! ቴፕ ላይ የፈሰሰው ግን ተመልሶ የማይለቀምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምርመራው ከየት ይጀምራል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከከርነል እድሳት በኋላ እምቢ ያለ ቴፕ የሚመረመርበት ሥርዓት አለው። ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው በአንድ መመዘኛ ነው፤ ጉዳት የማያስከትለው እርምጃ ይቀድማል፣ የማይመለሰው ይዘገያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥብጣቡ ይዳን። በኤልቲኦ ሳጥን ጠርዝ ላይ ትንሽ ተንሸራታች መቆለፊያ አለች፤ ስትዘጋ መሣሪያው ያነባል እንጂ አይጽፍም። በድሮው ካሴት ጀርባ ላይ የነበረችውን፣ ሌላ እንዳይቀዳበት ስንል የምንሰብራትን ጥርስ የሚያስታውስ አንባቢ ሥራዋን ወዲያው ይረዳል። ለሙከራ የሚያስፈልገው ደግሞ ምንም ቁም ነገር የሌለበት ጥብጣብ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ በብቸኛው ቅጂ ላይ መሞከር የምርመራ ስህተቶች ሁሉ አውራ ነው።

ቀጥሎ ተጠርጣሪዎቹ ይለዩ። ከርነል ሲታደስ ኮምፒውተሩም አጥፍቶ ይነሳል። ለወራት ሳይጠፋ የቆየ ሰርቨር ሲነሳ የላላ ገመድ፣ በቋሚነት ያልተመዘገበ ቅንብር፣ የተለወጠ የመሣሪያ ቁጥር ሁሉ አብሮ ይገለጣል። ስለዚህ «ከእድሳቱ በኋላ ተበላሸ» የሚለውን «እድሳቱ አበላሸው» ብሎ መተርጎም ችኮላ ነው። ፍርድ የሚሰጠው አንድ ቀላል ሙከራ ነው። አብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አይጥሉትም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚቀርበው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በአሮጌው ከርነል ሲነሳ ቴፑ ከሠራ ጥርጣሬው ወደ አዲሱ ያዘነብላል። በአሮጌውም እምቢ ካለ ከርነሉን መውቀስ ትቶ ገመዱንና መሣሪያውን መመልከት ይገባል።

ከዚያ የከርነሉ መዝገብ ይነበብ። ዲሜሴጅ የተባለው ትዕዛዝ ከርነሉ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ የጻፈውን ማስታወሻ ያሳያል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች እንደ ቤት ግንባታ ከመሠረት ወደ ጣሪያ ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ቴፑ የተሰካበት ካርድ ታይቷል ወይ?» የሚል ነው። አዲስ ስሪት ለአሮጌ ካርድ የነበረውን ድጋፍ ሊያነሳ ይችላል። በ2019 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 ቀደም ሲል ይደግፋቸው ለነበሩ አንዳንድ የማከማቻ ካርዶች የነበሩትን ድራይቨሮች ማስቀረቱ ለዚህ ምስክር ነው። እንዲህ ሲሆን ካርዱም ቴፑም ጤነኛ ናቸው፤ የጎደለው የሚያናግራቸው አስተርጓሚ ነው።

ካርዱ ታይቶ ቴፑ ካልታየ ወደ ገመዱና ወደ ኃይሉ መሄድ ነው። ሁለቱም ከታዩ ደግሞ «ትክክለኛው ድራይቨር ተጭኗል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከከርነሉ ጋር የማይመጡ፣ አምራቹ ለብቻ የሚያቀርባቸው ድራይቨሮች አሉ። አይቢኤም ለቴፕ መሣሪያዎቹ ያዘጋጀው ሊን-ቴፕ አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ድራይቨር ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር ለአዲሱ ስሪት እንደገና መገንባት አለበት። ይህ ሳይደረግ ከቀረ ኤስቲ ቦታውን ሊይዝ ይችላል፤ ያኔ መሣሪያው ይታያል፣ የመጠባበቂያ ፕሮግራሙ የሚጠራበት ስም ግን የለም።

የስም ጉዳይ ከተነሳ የቁጥሩም ወጥመድ መጠቀስ አለበት። ሊኑክስ የቴፕ መሣሪያዎችን በተገኙበት ተራ ኤስቲ-ዜሮ፣ ኤስቲ-አንድ እያለ ይሰይማል። ሁለት መሣሪያ ባለው ሰርቨር ላይ ተራው ከእድሳት በኋላ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ትናንት ዜሮ የነበረው ዛሬ አንድ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው በተራ ቁጥር መጥራትን ትቶ፣ ሥርዓቱ ከመሣሪያው መለያ ቁጥር የሚያበጀውን ቋሚ ስም መጠቀም ነው። ሰውን በወረፋ ቁጥሩ ከመጥራት በስሙ ከነአባቱ መጥራት እንደሚሻል ሁሉ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። እያንዳንዱ የቴፕ መሣሪያ በሊኑክስ ውስጥ ሁለት መግቢያ አለው። በኤስቲ የሚጠራው መግቢያ ሥራው ሲያበቃ ጥብጣቡን ወደ መጀመሪያው ያጠነጥናል፤ ፊቱ ላይ «ኤን» የተጨመረበት ኤን-ኤስቲ ግን ባለበት ያቆመዋል። ከእድሳት በኋላ በጥድፊያ ቅንብር የሚጽፍ ሰው ያቺን አንዲት ፊደል ከረሳት፣ የማክሰኞው ቅጂ በሰኞው ላይ፣ የረቡዑም በማክሰኞው ላይ ይጻፋል። ምንም የስህተት መልዕክት አይመጣም።

ሁሉም ነገር በቦታው ሆኖ ንባቡ ብቻ ከከሸፈ፣ የሚቀሩት ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው። አንደኛው ከላይ ያየነው የቦታ አለመታወቅ ነው፤ የቁልፏ መዘጋት ተረጋግጦ ጥብጣቡ ወደ መጀመሪያው ሲጠነጠን ይፈታል። ሁለተኛው የጥቅል መጠን ነው። ቴፕ ላይ መረጃ የሚጻፈው ብሎክ በሚባሉ ጥቅሎች ሲሆን፣ መጠናቸው ቋሚ ወይም ተለዋዋጭ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቅንብሩ ወደ ነባሪው ከተመለሰ፣ በሌላ መጠን የተጻፈውን ጥብጣብ ማንበብ ያቅተዋል። እንዲያውም ጥቅሉ ሊያነበው ከተዘጋጀለት ቦታ ሲበልጥ ሊኑክስ የሚመልሰው ስህተት ስለ ማህደረ ትውስታ የሚናገር በመሆኑ፣ ያልለመደ ሰው የራም እጥረት ሊመስለው ይችላል። ያን ጊዜ የሚስተካከለው የጥቅሉ መጠን እንጂ የኮምፒውተሩ ራም አይደለም።

ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው

እምቢ የሚል ቴፕ ያናድዳል፤ ነገር ግን ቢያንስ ችግር መኖሩን ይናገራል። የከፋው በዝምታ የሚከሽፍ መጠባበቂያ ነው። የሶፍትዌር ገንቢዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ የተሰኘ አገልግሎት በጥር 31 ቀን 2017 የገጠመው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። አንድ የደከመው ባለሙያ ሌሊት ላይ ችግር ሲፈታ፣ በስህተት የዋናውን የመረጃ ቋት ማህደር አጠፋ። ወደ መጠባበቂያዎቹ ዞር ሲባል አብዛኞቹ እንደታሰበው አልሆኑም።

በየቀኑ ይወሰዳል ይባል የነበረው ቅጂ ባዶ ነበር። የመረጃ ቋቱ ወደ 9.6 ስሪት አድጎ ሳለ ቅጂውን የሚወስደው መሣሪያ 9.2 ሆኖ ቀርቶ ነበርና ሁለቱ አልተግባቡም። መሣሪያው ሥራውን በጀመረ ቁጥር ይከሽፋል፤ መክሸፉን የሚያሳውቁት ኢሜይሎች ደግሞ በመልዕክት ማረጋገጫ ደንብ ምክንያት ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርሱ ይመለሳሉ። አገልግሎቱን ያተረፈው አንድ ባለሙያ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የዚያ ስድስት ሰዓት መረጃ ግን አልተመለሰም። ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ በማውጣቱ ጉዳዩ ዛሬም ድረስ በባለሙያዎች ዘንድ ይጠቀሳል።

በጊትላብና በ6.6 ከርነል መካከል ያለው ዝምድና እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም አንድ ወገን ታድሷል፣ ከእርሱ ጋር ይነጋገር የነበረው ሌላው ወገን ባለበት ቀርቷል። ልዩነታቸው አንደኛው ጮኸ፣ ሌላው ዝም አለ። ቴፑ ሥራውን አቁሞ ስህተት ብሎ በመናገሩ ሰው ተነስቶ መረመረው፤ የጊትላብ ቅጂ መውሰጃ ግን የሚሰማው ጆሮ ሳያገኝ ከሸፈ።

ስለዚህ ከእድሳት በኋላ የሚደረግ ምርመራ የሚያበቃው መሣሪያው ስህተት መናገሩን ሲያቆም አይደለም። የሚያበቃው አንድ ፋይል ከቴፑ ወጥቶ፣ በሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ አንድ ሆኖ ሲገኝ ነው። ማመሳከሩ በዓይን አይሆንም፤ ቼክሰም የሚባለው ስሌት ለእያንዳንዱ ፋይል እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ያወጣል። ሁለቱ አሻራዎች ከገጠሙ ፋይሉ ሳይጎድል ተመልሷል።

ቁም ሳጥናችን ውስጥ ያለው ቴፕ

የኤልቲኦ መሣሪያ በየቤታችን የለም። ነገር ግን በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ፣ በእስራኤልም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚኖር የአገራችን ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአገር ቤት የተላከ የሰርግ ወይም የልደት ቪዲዮ ካሴት ማግኘት ብርቅ አይደለም። የቪኤችኤስ ማጫወቻን እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን ያቆመው በሐምሌ 2016 ነው። ካሴቱ አለ፤ የሚያነበው መሣሪያ ግን ከዓመት ዓመት እየተመናመነ ነው።

ይህ ጉዳይ ናሳንም አላለፈውም። በ1966 እና በ1967 ጨረቃን የዞሩት ሉናር ኦርቢተር መንኮራኩሮች የላኳቸው ምስሎች የተቀዱባቸው ቴፖች ለአሥርተ ዓመታት ተጠብቀው ቢቆዩም፣ የሚያነቧቸው አምፔክስ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ማሽኖች ሥራ ፈተው ነበር። በካሊፎርኒያ በናሳ ኤምስ ማዕከል በተተወ የማክዶናልድስ ሕንጻ ውስጥ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ማሽኖቹን ጠግነው፣ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ የምትታይበትን ዝነኛ ምስል በ2008 ከበፊቱ በላቀ ጥራት መልሰው አወጡት። ዘመናዊው ኤልቲኦም ከዚህ ዕጣ ነጻ አይደለም። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያሉት መሣሪያዎች ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነቡ ነበር፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው የሚያነቡት አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ብቻ ነው።

ለቤት የሚሆነው ምክርም ከላይ ካየነው የተለየ አይደለም። ከዓመታት በኋላ በተገኘ አሮጌ ማጫወቻ ውስጥ የእናትን የሰርግ ካሴት በመጀመሪያ መክተት አይገባም፤ አስቀድሞ ቢበላሽ የማያሳዝን ካሴት ይሞከር፣ ማሽኑ ጥብጣብ የሚያኝክ ከሆነ በዚያ ላይ ይታወቅ። የላፕቶፕ ሥርዓተ ክወና ከመታደሱ በፊት የቤተሰቡ ፎቶግራፎች ያሉበት ውጫዊ ዲስክ ይነቀል፤ ከእድሳቱ በኋላ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ይስተካከል?» ወይም «ይቀረጽ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እሺ ከማለት በፊት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይታይ። በስልክ ወደ ክላውድ የሚሄዱት ፎቶዎችም መሄዳቸው ብቻ አይበቃም፤ ከአምስት ዓመት በፊት የተነሳ አንድ ፎቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ። የመረዳጃ ማኅበር ወይም የዕድር መዝገብ የሚይዝ ሰውም በዓመት አንድ ቀን ቆርጦ፣ ከቅጂው ላይ አንድ ገጽ አውጥቶ ከዋናው ጋር ቢያመሳክር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የ6.6 ከርነል ድራይቨር የተወቀሰው ጥንቃቄውን ያለቦታው በማብዛቱ ነው። የኋላው ማስተካከያም ጥንቃቄውን አልሰረዘውም፤ ቦታውን ብቻ ለየለት። ዛሬም ቢሆን በሥራ መካከል ዳግም የተነሳ የቴፕ መሣሪያ ያጋጠመው ሊኑክስ፣ ቦታው እስኪታወቅ ድረስ አንድም መስመር አይጽፍም። የምርመራውም ሥራ ይኸው ነው፦ የት እንዳሉ ባላወቁ ጊዜ አለመጻፍ፣ መጀመሪያ ቦታን ማወቅ፣ ከዚያም የተቀመጠው ነገር በእርግጥ መመለሱን በዓይን ማየት።